ደወል ያልሰረዘው ማስታወሻ

ምስጋናው ንጋቱን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ሬጅስትራር ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ደወል ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሕክምና ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ሰቆጣ አብረውት ያደጉት ግን ይህ ስም ዘግይቶ ነው የደረሰበት ይላሉ። አባቱ ቄስ ንጋቱ የሚያገለግሉበት ደብር ውስጥ ማኅሌት በሚቆምበት ዕለት የቆሎ ተማሪውን ጎጆ ለጎጆ እየዞረ የሚቀሰቅሰው እሱ ነበር። በሰው እንቅልፍ የማይራራ ልጅ ነበር፤ ተነሥቻለሁ ያለውን ሰው በእግሩ ቆሞ ካላየው ከበሩ ንቅንቅ አይልም።

ይኸው ጠባዩ አብሮት ሐኪም ሊሆን ሄደ። የክፍል ተወካይ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ፈተናው፣ የልምምድ መዝገብ ማስረከቢያው፣ የተረኝነት ለውጡ፣ የምዝገባ ማብቂያው፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ላይ መልእክቱን በትንሽ የደወል ሥዕል ይጀምርና «ደወል ነኝ» ብሎ ይጨርሳል። ሳምንት ሲቀረው ይልካል፣ ማምሻውን ይልካል፣ ማለዳውን ደግሞ ይልካል። አንድ ጊዜማ መምህሩን የራሱን ትምህርት አስታውሶታል። ሰዉ ይስቅበታል፣ ይማረርበታል፣ ያለ እሱ ግን አይሆንለትም። እሱም «በእኔ ዘመን ቀን ያለፈበት ሰው የለም» እያለ ይኮራል። ኩራቱ ትንሽ ይበዛ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው።

በመጨረሻው ዓመት ለገጠር ልምምድ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ከተመደቡት ተማሪዎች አንዱ ራሱ ምስጋናው ነበር። ለእሱ አገሩ መግባት ነው። ከእነሱ ጋር የአምደወርቋ ቤዛ ወልደ ኢየሱስም አለች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ የድጓ መምህር ናቸው፤ ቤዛ አንድያ ልጃቸው ናት። ደም ግፊት አለባቸው። ከቅዳሴ በፊት ክኒን አፋቸው አያስገቡም፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ከተማሪዎቻቸው ጋር ወሬ ይዘው ይረሱታል። ቤዛ በዚህ ነገር ስትበሽቅ የሰማው ምስጋናው፣ አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነች ምስራቅ የምትባል እኅት እንዳለችው ነገራት።

«እንግዲያው ለመላው ክፍል ደወል ከሆንክ ለአባዬም ሁንለት» አለችው ቤዛ።

እሷ በቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን እዚያው ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻ ሞላ። እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልኩ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ምስጋናው ለምስራቅ ይደውላል። ምስራቅ መሪጌታ ቤት ደርሳ የሳምንቱን ክኒን አይታ ትነግረዋለች። እሱም ወደ ቤዛ ዞሮ «ወስደዋል» ይላታል። ያቺ አንዲት ቃል ለቤዛ የሳምንት ስንቅ ነበረች። አንዳንዴ ሽማግሌው ራሳቸው ስልኩን ይቀበሉና ምርቃታቸውን ያወርዱታል።

ሁዳዴ እንደተጋመሰ ምስራቅ በማይደወልበት ቀን ደወለች። ምስጋናው የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ነበር።

«ምነው እቴ፣ ዛሬ እኮ እሁድ አይደለም» ብሎ ሳቀባት።

«ምስጌ፣ ብቻህን ነህ?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ሳይጠፋ «አዎ» አላት።

«መሪጌታ አረፉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ሮጥን፣ ግን አልደረስንባቸውም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ባለፈው እሁድ መርቀውታል እኮ! ገና አፉን ሳይከፍት ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለ። የቤዛ እናት ወይዘሮ ብርሃነሽ ናቸው።

«ልጄ፣ የቤዛ ፈተና መቼ ነው?» አሉት።

ምስጋናው የሰማውን ማመን አቃተው። ባላቸው ገና አልተቀበሩም፤ ከጀርባቸው የሰው ዋይታ ይሰማል፤ እሳቸው የፈተና ቀን ይጠይቃሉ። ቀን ሲጠየቅ ግን ምላሱ አይታሰርም። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ነው፣ እትዬ» አላቸው።

«እንግዲያማ እስከዚያ እንዳትሰማ። አባቷ ለዚህች ቀን ነበር የኖረ። አሁን ከሰማች ጥላው ትመጣለች። ስትጨርስ ሽማግሌ ልኬ በወጉ ትረዳለች። መርዶ በሰው አፍ ነው፣ ልጄ፤ የሚደግፋት ሰው ባጠገቧ ሆኖ። ከሜዳ እንዳትሰማብኝ አደራህን።»

«እሺ እትዬ። አደራዎን እጠብቃለሁ» አለ።

የሚያደርገው ሲጠፋው የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ከቤዛ በቀር የልምምድ ጓዶቹን ሁሉ ያሰባሰበ ሌላ ቡድን ከፍቶ ነገራቸው፤ አፋቸውን እንዲይዙም አስማላቸው። ዕቅዱን አወጣ። ሰኞ ትፈተናለች። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ያረዷታል፤ ከእነሱ ጋር ቀድማ ትሄዳለች። የቀረው ጓደኛ ረፈድ ሲል በተኮናተረ መኪና ይከተላል። ቴሌግራም ደግሞ መልእክት አስቀድሞ ከተጻፈለት በተባለው ቀንና ሰዓት በራሱ ይልካል። ምስጋናው የጉዞውን ማስታወሻ በዚያው ሰዓት፣ እንባው ስክሪኑ ላይ እየተንጠባጠበ ጻፈና ለማክሰኞ ሦስት ሰዓት ቀጠረው። የቀጠረው ለትልቁ፣ ለክፍሉ ቡድን ነው። አዲሱን ቡድን ሰው ችላ ሊለው ይችላል፤ ቤዛ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተረድታ መንገድ ላይ ናት፤ ብታየውም ምንም አይደል አለ። ከዚያ ወዲያ ያንን ጽሑፍ ሊያየው አልፈለገም።

የመጀመሪያው እሁድ መጣ። ስልኩ ደወሉን አሰማ። ቤዛ መጽሐፏን ዘግታ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ምን ያድርግ? ለምስራቅ ደወለ። ምስራቅ አነሣችው፤ አንድ ቃል ግን አልተናገረችም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። እሱም ዝም ያለውን ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ «እሺ፣ እሺ» ሲል ቆየና ወደ ቤዛ ዞረ።

«ወስደዋል» አላት።

«ስጠኝ እስቲ ላናግረው።»

«ሁዳዴ አይደል? ቤተ ክርስቲያን ናቸው።»

«እሱና ቤተ ክርስቲያኑ!» ብላ ሳቀች፤ ደስ ብሏት ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። ምስጋናው ወደ ጓሮ ወጣ። ሰው በአንዲት ቃል እንዲህ ይታመማል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ጓደኞቹም ማስመሰል አልሆነላቸውም። ደግነት አበዙባት። አንዱ ተረኝነቷን ይሸፍንላታል፣ ሌላዋ ሻይ ታመጣላታለች። «ምን ሆናችኋል? ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ቀለደች። ሳቅ የመለሰላት የለም። በሁለተኛውም እሁድ ምስጋናው «ወስደዋል» አላት፤ ይኼኛው ከፊተኛው ቀሎት መውጣቱ ራሱን አስደነገጠው።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ከኮሌጁ ተደወለ። ፈታኞቹ መንገድ ተዘግቶባቸዋል፤ ፈተናው ረቡዕ ይሆናል። ደወል ሥራው መጣለት። የፈተናውን ማስታወሻ አዛወረ። የመዝገብ ማስረከቢያውን አዛወረ። ነጭ ጋዎን አጥባችሁ ኑ የሚለውን እንኳ አዛወረ። አምደወርቅ ደውሎ ሽማግሌዎቹን አስጠበቀ፣ ለሹፌሩም ደውሎ መኪናውን አስተላለፈ። ሁሉን ጨርሻለሁ ብሎ ተኛ።

ማክሰኞ ጧት ከተኝቶ መታከሚያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ይለማመዱ ነበር። ተራው የቤዛ ነው፤ በሽተኛ የሆነላት ምስጋናው። እጅጌውን ሰብስባ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠመጠመች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከታ መንፋት ጀመረች። ጨርቁ ክንዱን አንቆ ሲይዘው በክፍሉ ያሉት ስልኮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኹ።

ማዳመጫ ያደረገችው ቤዛ አልሰማችም።

አንዷ ተማሪ ስልኳን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌላው ምስጋናውን አፍጥጦ አየው። ምስጋናው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው ወደ ቤዛ ስልክ ወረወረ። የበራው ስክሪን ላይ የራሱን የደወል ሥዕል አየ። ያን ጊዜ ገባው። የለቅሶውን ጉዞ ማስታወሻ ማዛወር ረስቷል። በነፃ እጁ ስልኩን ሊያነሣ ቢንጠራራ ቤዛ እጁን መታችበት።

«አትንቀሳቀስ! ታበላሽብኛለህ» አለችው። የመለኪያውን ቀስት እያየች ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ፣ ምስጌ! ምንድን ነው ይኼ ሁሉ? ግፊትህ እኮ ሰማይ ነካ።»

ማዳመጫውን አወለቀች። የክፍሉ ዝምታ ያን ጊዜ ነው የተሰማት። ዞር ዞር ብላ ሁሉንም አየች፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ስልኳን አነሣች። የሚከለክላት አልተገኘም። ምስጋናው ክንዱ እንደታሰረ ቁጭ ብሏል።

«የቤዛን አባት የመሪጌታ ወልደ ኢየሱስን ለቅሶ ለመድረስ መኪናው ዛሬ አራት ሰዓት ከሆስፒታሉ በር ይነሣል። ሴቶች ነጠላ እንዳትረሱ። ደወል ነኝ።»

ሁለቴ አነበበችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ስልኩን ወደ ቦታው መለሰችና ምስጋናውን አየችው።

«እሁድ ዕለት ወስደዋል አላልከኝም?» አለችው።

እናቷ አደራ ያሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከሜዳ እንዳትሰማ። ከሜዳ የከፋ ሆነ፤ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከነደወሉ ላከላት። ቤዛ የክንዱን ጨርቅ ፈትታ፣ መለኪያውን በወጉ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ወጥታ ሄደች። ሁለት ሴት ተማሪዎች ተከትለዋት በሚኒባስ አምደወርቅ ገቡ።

ምስጋናው የልምምዱን አስተባባሪ ዶክተር ፈልጎ አገኘና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ፈተናው እንዳያመልጣት ሊለምንላት ነበር። ዶክተሩ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡት።

«ቆይ» አሉት፣ «ያኔውኑ ለምን አልነገራችሁኝም? አባት የሞተባትን ልጅ በሌላ ቀን እንፈትናታለን እንጂ ማን ተፈተኝ ይላታል? አሁንም እንፈትናታለን። ይኼ ሁሉ ለምን አስፈለገ?»

ይኼን ሁሉ ዘመን የማንኛውንም ቀን ማራዘም ይቻል እንደሆነ የሚጠይቀው ምስጋናው ነበር። ለጋዎን፣ ለመዝገብ፣ ለምዝገባ ጠይቋል። ለዚህ አልጠየቀም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚፈጀው። ረቡዕ ተፈተነ፤ ምን እንደተጠየቀ ግን አያስታውስም።

የቀሩት ተማሪዎች ተረኝነታቸውን ጨርሰው ለለቅሶ አምደወርቅ የደረሱት እሁድ ነው። ምስራቅ ከመንገድ ተቀበለቻቸውና ለወንድሟ ቀስ ብላ ነገረችው። ቤዛ ከመጣች ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሽማግሌዎቹ ያወቀችውን ምን ብለን እናረዳታለን ብለው ተዉት። ሙሾው ሲወርድ እሷ ሰው ታስተናግዳለች፣ ውኃ ታቀርባለች። እናቷ ልጄ አእምሮዋን ልትስት ነው ብለው ፈርተዋል።

ምስጋናው ለቤዛ መምጣት ዳግም የተተከለው ድንኳን ዳር ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ቤዛ በእናቷ ጎን ተቀምጣ ባዶ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ለቀስተኛው ጸጥ ባለበት ሰዓት ከምስጋናው ኪስ ውስጥ ደወል ጮኸ።

ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሁድ ነው። ይኼንንም ማስታወሻ አልሰረዘውም ነበር!

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ስልኩን አወጣው፤ ሊያጠፋው ሲል የቤዛ ድምፅ መጣ።

«ተው፣ አታጥፋው።»

ብድግ ብላ ቆመች። ሰዉን አልፋ ፊቱ መጥታ ቆመች። እናቷም ተከተሏት።

«ሰዓቱ ነው እኮ» አለችው፣ ልክ እንደ ሌላው እሁድ ሁሉ። «ንገረኝ እንጂ። ወስዷል?»

ምስጋናው ወይዘሮ ብርሃነሽን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ክንዳቸውን በልጃቸው ወገብ ዙሪያ አድርገው አጥብቀው ያዙና «ንገራት» በሚል አንገታቸውን ነቀነቁለት።

«አልወሰዱም፣ ቤዛ» አላት። «ባለፈው እሁድም አልወሰዱም፣ ከዚያ በፊት ባለውም አልወሰዱም። ዋሽቼሽ ነው። አባትሽ ሞተዋል።»

ቤዛ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ወደ መሬት ልትል ነበር፤ እናቷ ግን ይዘዋት ነበርና አልወደቀችም። ሴቶቹ ተነሥተው ከበቧት። ምስጋናው ስልኩን በእጁ እንደያዘ ከእሷ ጋር አለቀሰ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸና በራሱ ጊዜ ዝም አለ።