ዳቦ አልበላም ያለው ጋጋሪ

ልብስ ሰፊ የተቀደደ ቢለብስ ሰው ይስቅበታል እንጂ አይጣላውም። ጫማ ሰፊ ነጠላ ጫማ አጥልቆ ቢሄድ «ምስኪን፣ ጊዜ አጥቶ ነው» ይባላል። ዳቦ ጋጋሪ ግን ዳቦ አልበላም ካለ፣ ወዮለት! እህቱ ትጣላዋለች፤ አብሮት የሚሠራው ይጣላዋል፤ መስኮቱ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ይጣላዋል። እኔ የምነግራችሁ ሰውዬ ሦስቱም ደርሰውበታል።

ጋጋሪው አምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሠላሳውን ዓመት የቆመው አባቱ ባሠራው ምድጃ አፍ ላይ ነው። ቅንድቡን ሙቀቱ ስለሚለበልበው በደንብ አድጎለት አያውቅም፤ ሆዱ ግን ያንን ሁሉ አካክሶ አድጎለታል። አባትየው ሲሞት ታላቅ እህቱ ቁልፉን ወረሰች፣ እሱ አካፋውን። አካፋ ስላችሁ አፈር የሚዛቅበት እንዳይመስላችሁ። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ጫፉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ ዳቦ ወደ ምድጃው የሚገባበትና የሚወጣበት የእንጨት አካፋ ነው። በዚያ ቤት አካፋውን የያዘ ሰው ንጉሥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዱቄት ነው።

ነገሩ የጀመረው በዱቄት ጆንያ ነው። አንድ ጠዋት ከምድር ቤቱ ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ ትንፋሹም ቁርጥ አለ። ጆንያውን እንደ ሕፃን አቅፎ ቁጭ አለ። ያኔ አባቱ ትዝ አለው። አባቱ አካፋውን እንደጨበጠ ምድጃው ፊት የወደቀው አምሳ ሁለት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ጋጋሪው በጣቶቹ ቆጠረ። የቀረው ሰባት ወር ነው።

ሐኪሟ መዘነችው፣ ደም ቀዳችው፣ ወረቀቱን አገላበጠች።

«ስኳሩ በር ላይ ደርሷል» አለችው። «አንኳኩቷል እንጂ ገና አልገባም። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ዳቦ።»

«በምን?»

«በዳቦ።»

ተራ ሲጠብቅ ከአሮጌ መጽሔት ላይ ስላነበበው «ፓሊዮ» ስለሚባለው ነገር ጠየቃት። «ጥሩ ጎን አለው፤ ግን አያክርሩት፤ በየወሩም ይምጡና እንየው» አለችው። እሱ «አያክርሩት» የምትለዋን ቃል እዚያው ወንበሩ ላይ ረስቷት ወጣ።

ፓሊዮ ማለት ሰው ገና እርሻ ሳያውቅ፣ ዋሻ ውስጥ ሲኖር ይበላው ነበር የሚባለውን መብላት ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ፍራፍሬ። ስንዴ የለም፣ ስኳር የለም፣ ወተት የለም፣ ጥራጥሬ የለም። ጋጋሪ ደግሞ ሁሉን ነገር በልክ የለመደ ሰው ነው፤ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። በጊዜ መተኛት ጀመረ። ጠዋት ሥራ ሳይገባ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ይዞራል። ምድጃው እስኪግል ድረስ ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ ይላል።

ይኼን ሁሉ አቡኪው ያያል። አቡኪው ሊጡን የሚያቦካ፣ ከሲታ፣ ምላሱ ከክንዱ የሚፈጥን ሰው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አካፋውን በዓይኑ ሲበላው ኖሯል። ወዲያው ስም አወጣለት፦ ጋሽ ዋሻ።

«ጋሽ ዋሻ፣ ዛሬ ምን ገድለው መጡ?»

«አንተን መግደያ ዱላ እየፈለግኩ ነው።»

«እኔ አልጠቅምም ጋሼ፤ አጥንት ብቻ ነኝ። እንኩ ይልቅ ኦቾሎኒ ይቅመሱ።»

«ኦቾሎኒ የባቄላ ወገን ነው። አልበላም።»

«እስቲ ሙት በሉኝ! ከባቄላም ተጣሉ?»

እህትየው ዘንድ ግን ቀልድ የለም። ወንድምየው የሚኖረው ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ነው፤ ምሳውን ታች ዳቦ ቤቱ ውስጥ የምታቀርብለት እሷ ናት፤ በየቀኑም ከሳህኑ በስተግራ አንድ ትኩስ ዳቦ ታስቀምጣለች። እሱም በየቀኑ ዳቦውን አንስቶ ወደ መሶቡ ይመልሳል።

«ምን አደረገህ ዳቦው?»

«ምንም፣ እትዬ። ከብዶኝ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ያልከበደህ ዛሬ ከበደህ?»

«ተይኝ በናትሽ።»

«አልተውህም! አባባን ዳቦ ገደለው ልትል ነው አይደል? በል፣ አፍህን ሞልተህ በለው!»

«እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም።»

«አፍህ ባይለው ሳህንህ እያለው ነው!»

አንድ ቀን ሾርባው ወፈር ብሎ መጣ። ጋጋሪው ማንኪያውን ሳያነሳ አጎንብሶ አሸተተ። በአፍንጫው የሚኮራ ሰው ነው፤ ዳቦው ሊያር አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከጓሮ ሆኖ ያውቃል።

«ዱቄት አለበት።»

«የለበትም።»

«ሁለት ማንኪያ። ያውም ትናንት ከተከፈተው ጆንያ።»

እህትየው ሾርባውን ከነሳህኑ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ወረወረችው። እሱም ከዚያ ወዲያ «እንቁላል ቀቅለሽ ከነቅርፊቱ ስጪኝ፤ ቅርፊት ውስጥ ዱቄት አይገባም» አላት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም እንቁላሉን ቀቀለች፤ ዳቦውንም በስተግራ ማስቀመጧን አልተወችም። እልህ ለእልህ!

ትልቁ ጠብ ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ዱሮ፣ ልጆች ሳሉ፣ የዚያ ቤት ዱቄት ተበላሽቷል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። አባትየው ያን ቀን ከምድጃው የወጣችውን የመጀመሪያዋን ዳቦ ይዞ መስኮቱ ጋ መጣ፤ ሰው ሁሉ እያየው ቆርሶ በላ፤ ከዋጠ በኋላ «ይሸጥ!» አለ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዋን ዳቦ አካፋውን የያዘው ሰው መስኮቱ ላይ ሳይበላት አንዲት ዳቦ ተሸጣ አታውቅም። አሁን ግን ጋጋሪው ይቆርሳታል፣ ውስጧን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ አፍንጫው ስር ያስጠጋታል፤ ከዚያ «ይሸጥ!» ይላል።

ሁልጊዜ ከሰልፉ ፊት የምትቆመው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች፣ ማንንም የማትፈራ።

«ምነው፣ አልበላህም?»

«አሸተትኩት እኮ።»

«እሱማ ለእኔም ከዚህ ሆኜ ሸትቶኛል። እኔ የመጣሁት ልበላ ነው።»

ከኋላዋ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። «ራሱ የማይበላውን ነው የሚያበላን?» «አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ!» በሳምንቱ ሰልፉ አጠረ። እህትየው መስኮቱን ዘግታ ወንድሟ ላይ ዞረች።

«ወይ ብላ፣ ወይ አካፋውን አስቀምጥ!»

«የኔ አፍንጫ ከአንቺ ምላስ ይበልጣል!» አላት፤ ደሙ ፈልቷል። «አንዲት የተበላሸች ዳቦ ከአፍንጫዬ አምልጣ ከዚህ መስኮት ከወጣች አካፋውን በገዛ እጄ ለዚህ ለከሲታው አስረክባለሁ!»

«ሰማህ?» አለች ወደ አቡኪው ዞራ።

«ሁለቱም ጆሮዬ ሰምቷል፣ እትዬ» አለ አቡኪው፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ።

ሁለት ወር ሙሉ አፍንጫው አላሳፈረውም። የኮመጠጠ ሊጥ ያዘ፣ የሻገተ ዱቄት ያዘ። ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ጆንያውን ተሸክሞ ደረጃውን ያለ ዕረፍት መውጣት ጀመረ፤ ላይ ሲደርስም ሆን ብሎ ያፏጫል። በዚያ ቤት ግን ደስ ያለው አልነበረም። እሱ በቀጠነ ቁጥር ጠቡ ወፈረ። ሦስቱም መነጋገር ተዉ።

መነጋገር መተዋቸው ነው ጉድ ያመጣው። በዚያ ቤት ሊጡ ውስጥ ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ክዳን ያለው ትልቅ የጨው ጣሳ አለ፤ ከማቡኪያው በስተቀኝ ከቆመ ጨው ገና አልገባም፤ በስተግራ ከቆመ ገብቷል። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የተሠራው፤ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም፤ ጣሳው ይናገራል።

አንድ ቅዳሜ አቡኪው ሊጡን ትቶ ዱቄት ለማምጣት ወደ ምድር ቤት ወረደ። ጋጋሪው ብቻውን ቀረ። ጣሳው አምስት ኪሎ ይሆናል፤ ለክንድ ማጠንከሪያ እንደሱ ያለ ዕቃ የለም። በቀኝ እጁ አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳው። ወደ ግራ እጁ አዛውሮ አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳው። ከዚያ ክንዱ እየተንዘፈዘፈ፣ ራሱን እያደነቀ፣ ጣሳውን አስቀመጠው፤ በያዘበት እጅ በኩል። በግራ!

አቡኪው ተመለሰ። ጣሳውን አየ። «አቤት! ጨምሬው ነው ለካ» አለ በልቡ፤ ሊጡን ሸፈነው።

ሊጡ ያን ቀን ቶሎ ተነፋ። ጋጋሪው «ሙቀቱ ነው» ብሎ ተደሰተ። ዳቦው ከምድጃው ሲወጣ ገርጣ ብሏል። «እሳቱ ደከም ብሎ ነው» ብሎ ትንሽ አቆየው። መስኮቱ ላይ ቆረሰ፣ ተጫነ፣ አሸተተ። እንዴት ያለ ሽታ መሰላችሁ! በአካፋው እጀታ ወለሉን መታ አድርጎ «ይሸጥ!» አለ። ጨው ደግሞ አይሸትም።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አዋላጇ ጉንጯ እንደተሞላ መጣች፤ ቁራሹን በመስኮቱ ወረወረችው፤ ሚዛኑን መትቶ ወደቀ።

«ያንን አፍንጫ ጥሪልኝ! ጥጥ ነው ያበላን!»

ከኋላዋ ሌሎቹ ደረሱ፤ ሁሉም ዳቦውን እንደ ድንጋይ ጨብጠዋል። እህትየው ቁራሹን አንስታ አኘከች። ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ እንደ ነብር የዞረችው አቡኪው ላይ ነበር።

«ጨው የት አለ?»

«ጣሳው በስተግራ ነበር! ዓይኔ ይጥፋ፣ እትዬ፣ በስተግራ ነበር!»

«ጣሳው እግር አለው? ራሱ ተራመደ? ሽርጡን አውልቅና ውጣ!»

አቡኪው ገረጣ፤ እንደዚያ ቀን ዳቦ። የሽርጡን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ጋጋሪው የግራ ክንዱን አየ። ገና አልበረደለትም። ዝም ቢል አካፋው በእጁ ይቀራል፤ «ጋሽ ዋሻ» የሚለውም ድምፅ ከዚያ ቤት ይጠፋል። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

«እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለ።

«ምኑን?»

«ጣሳውን። ክንዴን ላጠነክርበት።»

ከዚያ አዋላጇ ሳቀች። መልካም ሳቅ አልነበረም፤ ሰልፉ ሁሉ ተቀበላት።

«በጨው ጣሳ!» አለች እህትየው። «አባባ ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖረ እንጂ እንዳንተ በጣሳ አልተጫወተም!»

«አባባማ ሞተ!» ብሎ ጮኸ። «ሞተ፣ እትዬ! አምሳ ሁለት ሳይሞላው እዚች ጋ ሞተ! እኔ አልሞትም ብዬ ነው! ይኼ ነው ጥፋቴ?»

ሳቁ ቆመ። እህትየው የያዘችውን ቁራሽ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። ጋጋሪው አካፋውን አንስቶ ለአቡኪው ዘረጋለት። ቃሉ ቃል ነው። አቡኪው ተቀበለ፤ አመሰግናለሁ ማለት ግን አያውቅበትም።

«እንግዲህ ክንድዎ ጠንክሯል፤ ማቡካቱ አይከብድዎትም፣ ጋሽ ዋሻ» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋጋሪው አቡኪ፣ አቡኪው ጋጋሪ ሆኑ። አዲሱ ጋጋሪ በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ የመጀመሪያዋን ዳቦ ይበላል፤ ያውም ዓይኑን ማቡኪያው ላይ ተክሎ፣ ጉንጩ እስኪወጠር። እህትየው የጨው ጣሳውን በሰንሰለት ግድግዳው ላይ አሰረችው። ስለዚህ ጣሳው መናገር አቆመ፤ መናገሩ ለሰዎቹ ግድ ሆነባቸው። «ጨው?» ይላል አንዱ። «ገብቷል» ይላል ሌላው፣ ከሊጡ ቁንጣሪ ምላሱ ጫፍ ላይ ነክቶ እንትፍ ካለ በኋላ። በቀን የሚነጋገሩት ይቺኑ ነው።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ «አንኳኪው ተመልሶ ሄዷል» አለችው። ይኼን ለማን ይንገር? ለማንም አልነገረም። እህትየው ምሳ ስታቀርብ ሳህኑን ታስጮኸዋለች፣ ዳቦውን በስተግራ ታስቀምጣለች፤ እሱ ዳቦውን ይመልሳል። አንድም ቀን አልዘለሉም።

ሰባቱ ወር ሞላ። የአባቱ ዕድሜ የቆመባት ዕለት መጣች፤ ሲያቦካ ዋለ። አልወደቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምሳ ሁለት ሞላው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ሳህኑ እንደወትሮው እየጮኸ መጣ። ሁለት እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ የተቀቀለ ቅጠል፣ አንድ ብርቱካን። እጁን ልማዱ ወደ ግራ ሰደደው። ባዶ ጠረጴዛ ነካ።

በስተቀኝም አየ። የለም።

«ዳቦው የት ሄደ?»

«አልቆብኝ ነው» አለች እህትየው፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

ከፊቷ መደርደሪያው ላይ አሁን ከምድጃው የወጣ ሦስት መቶ ዳቦ ይተናል።

«ምን ታፈጣለህ?» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ድሮው ቁጣ ነው። «ብላ! እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።»