ጭብጨባው ድንኳኑ ድረስ ተሰማ

የአማርኛ መምህራችን ጽሑፌ በሚኒ ሚዲያ እንዲነበብ መመረጡን ሲነግሩኝ እየዘለልኩ ነው ከክፍል የወጣሁት። «ለዓርብም ሌላ ጨምሪ» አሉኝ። ይኸው ጨመርኩ! ግን የመጣልኝ የሚያሳዝን ነው፤ የታላቅ እህቴ መሥሪያ ቤት ነገር።

እዚሁ ነገሌ፣ ከአዲስ አበባ የተመለሰ የወታደር ካምፕ ልጅ የከፈተው ቢሮ ነበር። አርቢው ከተልተሌም ይሁን ከሌላ ቦታ ደውሎ የገበያውን የከብት ዋጋ ይጠይቃል፤ እህቴ ትነግረዋለች። ግድግዳው ላይ «እኛ ቤተሰብ ነን» ተብሎ ተጽፏል። በወንበር ፈንታ መሬት ላይ ትልልቅ ትራስ ተደርድሯል። ከተማው «ወንበር መግዣ አጡ እንዴ?» እያለ ይስቃል፤ እየሳቀም ይደውላል። ምክንያቱም ዋጋውን ከገበያ የሚያቀብሏት አንድ ሽማግሌ ደላላ ነበሩ፤ የሳቸውን ቃል የማያምን የለም። እህቴን «ልጄ» ነበር የሚሏት።

ሞቱ። ድንኳኑ ከቢሮው ፊት ለፊት፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተተከለ። በዚያው ቀን ደግሞ ገንዘብ ይሰጣሉ የተባሉ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጡ ነበር።

«ለቅሶ ደርሼ ልምጣ» አለች እህቴ።

«እንግዶቹ ሳይሄዱ ማንም አይወጣም» አላት አለቃዋ። «በቴሌግራም የሐዘን መልእክት ልኬያለሁ፤ ሻማም አድርጌበታለሁ።»

«ሻማው እኮ ሥዕል ነው!»

«በዚህ ቀን ቤተሰብሽን ጥለሽ ልትሄጂ?»

ቀረች። እንግዶቹ ሲገቡ ሁሉም አጨበጨቡ፤ እሷም አጨበጨበች። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ደላሎች «ለእናንተ የምንነግረው ዋጋ የለንም» አሉ። ስልኩ ጭር አለ። እንግዶቹም በዚያው ቀሩ። ዝናቡ ሳይመጣ ቢሮው ተዘጋ። እህቴ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አታልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምትሄደው። «ያኔ እጄ በተሰበረ» ትለኛለች።

ባለፈው ወተት ልገዛ ስሄድ የሟቹን ባለቤት አገኘኋቸው።

«አካም፣ ናጋ? ደህና ነሽ? እህትሽ የት ጠፋች?»

«አፍራ ነው፣ እማማ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ስጠብቃት ነው የከረምኩት። የፈረሰው ድንኳኑ ነው፣ ደጄማ አለ። እዚያ ቢሮ የሠሩትን ሁሉ ጥሪያቸው፤ ቅዳሜ ኑ በያቸው።»

ለእህቴ ነገርኳት፤ አለቀሰች እንጂ እሺ አላለችም። ስለዚህ እዚያ የሠራ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ንገሯቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ። እናንተም ኑ። እህቴ ብቻዋን አትገባም፤ እንደምንም አምጥቻት እማማ ደጅ ላይ እንጠብቃችኋለን።