ተጋድሞ የነበረው ጠርሙስ

ለመርዳት ብላችሁ ያስተካከላችሁት ነገር በእጃችሁ ተበላሽቶ ያውቃል? እኔ ላይ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ ላነሣ ስል እጄ ይፈራል።

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ። እሑድ እሑድ የሠፈራችንን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። በሌሎቹ ቀናት ቢከን ሂል በሚባለው ሠፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። ምሳ እሠራለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ በቀረው ጊዜ ቤት አስተካክላለሁ። አገር ቤት አስተማሪ እንደነበርኩ ስለሚያውቁ፣ መጥረጊያ ባነሣሁ ቁጥር «መምህርት፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሰልፊ ነው?» ይሉኝ ነበር።

የተወለዱት ቡርጎኝ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በወይን ጠጅ የታወቀ የፈረንሳይ አውራጃ። እንደነገሩኝ ኮረብታው በድንጋይ ካብ ተከፋፍሏል። የወይኑ ዘር አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከካቡ ወዲህና ወዲያ ያለው መጠጥ ጣዕሙ አይገናኝም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው የመሬቱ ስም ነው። ወይኑ ተለቅሞ፣ ተረግጦ፣ ፈልቶ በርሜል ከገባ በኋላም ሥራው አያልቅም። በርሜሉ እንጨት ስለሆነ መጠጡ ቀስ በቀስ ይተናል፤ በጎደለው ቦታ አየር ሲገባ ይኮመጥጣል። አባታቸው በየሳምንቱ ሻማ ይዘው ወደ ምድር ቤት እየወረዱ የጎደለውን ከዚያው ወይን ይሞሉት ነበር። ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ።

የአባታቸው መሬት ግን ተሸጧል። የሸጡት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ በዚህ የተነሣ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት አልተነጋገሩም። ከዚያ መሬት የቀረው አባታቸው የጠመቁት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እዚሁ ሲያትል፣ የሽማግሌው ምድር ቤት ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሞ ነበር። በሚያዝያ ወንድምየው ደብዳቤ ጻፉ፤ በመስከረም መጨረሻ እመጣለሁ ብለው። ሽማግሌው ደብዳቤውን ተርጉመው ከነገሩኝ በኋላ፣ «ያንን ጠርሙስ አብረን እንጠጣዋለን። የአባቴን እጅ አንዴ ብቀምስ ይበቃኛል» አሉኝ።

እኔም በዚያው ሳምንት ለዚያ ቀን መሰናዳት ጀመርኩ። ጠርሙሱን ሻግቶ፣ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። እኛ ቤት ጠርሙስ ተጋድሞ ከተገኘ ወይ ባዶ ነው ወይ ፈሷል። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ወጥ ቤት ከውሃ ማሞቂያው በላይ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ሲያብረቀርቅ አይተው እንዲደሰቱ ስለፈለግኩ አልነገርኳቸውም። ጉልበታቸው ደረጃ ስለማያስወርዳቸው እሳቸውም ከቦታው መነሣቱን አላዩም።

ወንድምየው መጡ። ሁለቱ ሲተያዩ ታናሹ በታላቃቸው የመነጽር ውፍረት ቀለዱና ተቃቀፉ። ጠርሙሱን አቀረብኩ። ሽማግሌው መንጻቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። የት እንደነበረ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጠርሙሱን ለወንድማቸው አቀበሉ። ቡሹ ገና ሲነካ ተፈረፈረ። የተቀዳው ቀለሙ ቡኒ፣ ሽታው አቼቶ ነበር።

ወይን ጠጅ የሚጋደመው ቡሹ እንዲርስ ነው። ጠርሙሱ ከቆመ ቡሹ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አየር ያስገባል፤ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ስለ ካቡና ስለ በርሜሉ ያስረዱኝ ሰው ይህን አልነገሩኝም። ለእሳቸው የጠርሙስ መጋደም እንደ ሰው መተኛት ነው፤ ማን ነገሬ ብሎ ያስረዳል? እኔም አልጠየቅኩም።

ሽማግሌውን ይቅርታ ስጠይቅ፣ ወንድምየው እኔም እንድሰማ በእንግሊዝኛ፣ «እኔ መሬቱን ሸጥኩ፣ እሷ ጠርሙሱን አቆመች። የኔ ይብሳል» አሉ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ያንን አቼቶ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስል አፋቸው ውስጥ እያቆዩ እስከ መጨረሻው ጠጡት። ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ወንድማቸውን አይተው፣

«አላገኘሁትም» አሉ።

አልተቆጡኝም። በማግስቱም እንደ ልማዳቸው መምህርት ብለው ጠሩኝ፤ ስለ ቡርጎኝ ግን ከዚያ በኋላ አላነሡም። የፈረንጆቹ ክረምት ሳያልቅ አረፉ።

እባካችሁ ይህን ሞክሩ። በዚህ ሳምንት አንድ አዛውንት ቤት ሂዱ። ያለ ቦታው የተቀመጠ የሚመስላችሁን አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ሳትነኩት «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ተቀምጣችሁ መልሱን ስሙ።