ለመግጠም አንድ ቀን የሚፈልገው ጄል

እስቲ ያቺን የላብራቶሪ ሠራተኛ እዩዋት! ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ እያዞረች ከመስኮት እስከ በር ትመላለሳለች። በብርጭቆው ውስጥ የብረት ዱቄት የተቀላቀለበት ዝልግልግ ጄል አለ፤ ሳይረጋ እጇን ካሳረፈች ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጥና ማግኔት የሚስበው ግማሹን ብቻ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስትንቆራጠጥ ኖራለች። ባሏ እንኳ «አንቺ ሴት፣ ቤትም ገብተሽ ሻይሽን ታዞሪያለሽ» እያለ ይስቅባታል።

ይህ ጄል ሲቆረጥ ራሱን መልሶ ይገጥማል፤ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ትናንት ቆርጣ ያጋጠመችው ደርቆ ስለተበላሸባት ዛሬ ጠዋት ሌላ ቆርጣ አጋጥማለች። ለምርምሩ ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ደግሞ ሲገጥም ሊያዩ ዛሬውኑ በአራት ሰዓት ይመጣሉ።

«እህቴ፣ ጭራሽ ያልተቆረጠ ጄል አውጪና ተቆርጦ ገጠመ በያቸው። ማን ያውቃል?» አላት አለቃዋ።

«እኔ አውቃለኋ!»

«ገንዘቡን ከከለከሉን እኮ ሥራ የለሽም!»

«እንግዲያው ሻዬን እያዞርኩ እኖራለሁ።»

እንግዶቹ መጡ። የጠዋቱን ጄል አቀረበች። ማግኔቱን ስታስጠጋው ተንፏቆ መጣ፤ ስትጎትተው ግን ከቆረጠችበት ላይ ተላቀቀ። «ነገ በዚህ ሰዓት ብትመጡ ይገጥማል» አለቻቸው። ሰዓታቸውን እያዩ ወጡ። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ከሥራ አሰናበታት።

በማግስቱ ጄሉ ገጥሞ ነበር። ማንም አልጎተተውም፤ ጠራጊዋ ከቆሻሻ ጋር ጣለችው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ አለቃው ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን መጠበቅ ያቃታቸው እንግዶችም ናቸው። እባካችሁ፣ አንድ ነገር ተቆርጦ ገጠመ ብለው ሲያሳዩአችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት መቼ እንደተቆረጠ ጠይቁ።