አድባር መታው የተባለው ክንዴ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ስለዚህ ቀኝ እጄ ልመሰክር ነው የወጣሁት። እንደምታዩት እጅጌው ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። «ይሄ ምኑ ተፈውሶ ነው የሚመሰክረው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

ያደግሁት ቀወት ነው፤ ነገሩም የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስላረፈ ከእናቴ ጋር ማሽላ እያረስን እንኖር ነበር። የእኔ ነፍስ ግን እንጨት ላይ ነበረች። ሙቀቱ በርትቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ እኔ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ ማንኪያ እጠርባለሁ፣ በርጩማ እፈለፍላለሁ። ለሽያጭ አልነበረም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። እናቴ «ሚስትህንም ጠርበህ ልታመጣት ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ደግ ጊዜ ነበር። የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ጌታን ሳላውቀው እንኳ ያን ደስታ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ስሙ ይባረክ።

ታዲያ ከመንደራችን ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። አድባር ነው ተብሎ ግንዱ ቅቤ ይቀባል፤ ቅጠሉን እንኳ የሚቀነጥስ የለም። እኔ ደግሞ አንዷን ቅርንጫፍ ከተመኘኋት ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ሰው ገበያ ሲወርድ ጠብቄ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ቅርንጫፏ ሳትወድቅ እኔ ወደቅሁ፤ ክንዴም ተሰበረ። ወጌሻው በሸንበቆና በገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረኝ። ሲፈታ እጄ ደርቆ ቀረ።

መንደሩ «አድባሩ መታው» አለ። ሽማግሌዎች እናቴን «መሣሪያው ወንዝ ካልተጣለ፣ እሱም እንጨት ካልተወ አንቺም አትተርፊም» አሏት። መሮዬንም መጥረቢያዬንም ወስዳ ጣለች። ካድሬው በስብሰባ ላይ «አድባርም የለም፣ እግዜርም የለም» ይል ነበር። ግማሹን እንኳ ልክ ብሎ ነበር፤ ግን ማን ይሰማዋል? አራት ዓመት እንጨት አልነካሁም። ከእጄ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ቢላ ሳነሳ እንኳ እናቴ ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር።

ከዚያ ወባ ያዘኝና ሸዋሮቢት ለሕክምና ወረድኩ። እትዬ አስናቀች የምትባል ድሬሰር መርፌ ልትወጋኝ መጥታ ክንዴን አየችው።

«ማነው ያሰረልህ?» አለችኝ።

«ወጌሻ ነው። የመታኝ ግን አድባር ነው» አልኳት።

«አድባር አይደለም፣ ገመድ ነው። ደም አጥቶ ነው የሞተው» አለችኝ።

ለካ አማኝ ነበረች። ከዳንኩ በኋላም እዚያው ሰነበትኩ፤ የጸሎት ቤቱ ታሽጎ ስለነበር እሷ ቤት አምስት ሆነን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ሃሌ ሉያ። አሜን በሉ እንጂ! እጄ እንዲነሳም ጾምኩ፣ ጸለይኩ። አልተነሳም። ተከፋሁ።

«እትዬ፣ እጄ እኮ እንዳለ ነው» አልኳት።

«ግራህን ማን አሰረው?» አለችኝ።

ያሰረኝ ፍርሃቴ ነበር።

በማግስቱ ከገበያ መሮ ገዛሁ። እንጨቱን በሁለት እግሬ ቆንጥጬ በግራ እጄ መጥረብ ጀመርኩ። ጣቶቼን ስንቴ ቆረጥኳቸው መሰላችሁ። ግን ያ ሽታ ተመለሰልኝ፤ እያለቀስኩ ነበር የምሠራው። በወሩ አንድ በርጩማ ጨረስኩ፤ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ተቀመጡበት» ብላቸው ማን ይጠጋ። አንዱ «አድባር የመታው ሰው የሠራውን ነገር እሳት ውስጥ ጨምሩት» አለ። ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እሷ እሺ ካለች እሳት ሊከቱት ነው፤ እኔም ዳግመኛ እንጨት ላልነካ ነው። እናቴ ከበሩ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«ከሞትኩም ልጄ በሠራው ላይ ልሙት» ብላ ቁጭ አለች።

ጎረቤቱ አንድ በአንድ እስኪወጣ አልተነሳችም። ሁሉም ሲሄዱ ቀና ብላ አየችኝና «አንዱ እግሩ ያነክሳል፣ ነገ አስተካክልልኝ» አለች።

ጌታ ይመስገን፣ ይኸው ሸምግዬም እጠርባለሁ። «ለምኜው አልሰጠኝም» ብላችሁ ያኮረፋችሁ ካላችሁ፣ እኔም አኩርፌ ነበር። ኑ፣ በቀረላችሁ እጅ ያዙት፤ እሱ አይለቃችሁም።