በወንድሙ የሚምለው ተጫዋች

ዓባይነህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ድንበር የተሻገረው በሰሊጥ ጆንያ ሥር ተኝቶ ነው። እናትና አባቱ ቀድመው አርፈዋል። ታላቅ ወንድሙ ኪዳን ለወታደር አፈሳ ደርሶ ነበርና ከመታፈሱ በፊት መሸሽ ፈለገ፤ ታናሹን ግን በማን ላይ ጥሎት ይሂድ? ከሁመራ የሚነሳ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በጆንያዎቹ መካከል እንደ መቃብር ያለ ጎድጓዳ ቦታ አበጀላቸውና ሁለቱም ገቡ።

«ኬላው ላይ ድምፅህ ቢሰማ ሁለታችንም አለቅን» አለው ኪዳን።

«አልጮህም።»

«ማልልኝ።»

«ኪዳን ይሙት አልጮህም!»

«እኔኑ ገድለህ?» አለ ኪዳን በጨለማው ውስጥ እየሳቀ። «ይሁን፤ እንኳን አጸናኸው።»

ወታደሮቹ ኮንትሮባንድ ሲፈልጉ ጆንያ የሚወጉበት ረጅም ብረት ነበራቸው። የመጀመሪያው ምት ከዓባይነህ ራስ በላይ አለፈና ሰሊጡ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ባቱን በሳው። ያን ጊዜ ኪዳን እጁን አፉ ውስጥ ከተተለት። ዓባይነህ የወንድሙን ደም እስኪቀምስ ድረስ ነከሰ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ብረቱ ሲመዘዝ ደሙን ጆንያው ጠረገው። ወታደሩ ብረቱን አየት አድርጎ «እለፍ!» አለ።

ካርቱም እንደ ደረሱ ኪዳን በቀን ሥራ ተሰማራ። ማታ ማታ ከሌሎች ስደተኛ ወጣቶች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበርና ታናሹን ይዞት ይሄዳል። ኳስ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። ንክሻው ጠባሳ በጣለበት እጁ ኳሱን ወደ ላይ አንስቶ «ና ቀማኝ!» ይለው ነበር። ዓባይነህ ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ሲዘል ቁመቱ ወንድሙን አለፈ።

በፈረንጆች 1989 አሜሪካ፣ ላንግሊ ፓርክ የምትኖረው አክስታቸው ወለተሥላሴ ልታስመጣ የቻለችው ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ብቻ ነበር። ኪዳን ቀረ። አየር ማረፊያው በር ላይ ዓባይነህ፣ «ኪዳን ይሙት፣ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ እገባለሁ፤ ገብቼም አስመጣሃለሁ» አለው።

ትልቁ ሊግ ግን በሩ ጠባብ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጫወት ጥሩ ነው ተባለ፤ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተጫወተ፤ ከዚያ በኋላ የጠራው አልነበረም። በመጨረሻ እዚያው አቅራቢያ፣ ከድልድይ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሊግ የሚጫወት ቡድን ተቀበለው። ጨዋታው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ቁርጭምጭሚትህን የምትጠቀልለው ራስህ ነህ፤ ማሊያህን የምታጥበው ራስህ ነህ። ቢሆንም ፕሮፌሽናል ነው፤ ከትልልቆቹ ቡድኖች የሚመጡ ተጫዋች መልማዮችም አንዳንዴ ብቅ ይላሉ። ቀን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ደንበኛ መኪናውን በጠየቀ ቁጥር አሳንሰሩን ትቶ መኪኖቹ የሚወጡበትን ዳገት በሩጫ ይወጣዋል።

«አንተ ቀውላላ!» ይለዋል አብሮት የሚሠራው ማቲያስ። «መኪና ነው የምታመጣ ወይስ ሜዳሊያ?»

«ኪዳን ይሙት፣ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ታየኛለህ!»

ይህን መሐላ የቡድኑ አሰልጣኝ ዳውሰን ሳይቀር ለምዶታል። ትርጉሙን በጠየቀ ዕለት ዓባይነህ ሲነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። «በቀን ስንት ጊዜ ነው ወንድምህን የምትገድለው?» አለው። ተሳሳቁ።

በፈረንጆች 1997፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን መልማይ መጣ። አሰልጣኙ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ዓባይነህን ለብቻው ጠርቶ፣ «ለአንተ ነው የመጣው» አለው። «የሚፈልገው የሚከላከል ሰው ነው። ዛሬ ካሳመንከው ማታውኑ ወደ ልምምድ ካምፑ ይዞህ ይሄዳል። ካላሳመንከው ከእኛ ጋር አውቶብስ ተሳፍረህ ለቀጣዩ ጨዋታ ፔንሲልቫኒያ ነህ።»

የመጀመሪያው አጋማሽ አማረለት። እንዲከላከል የተሰጠው ሰው ከእሱ በክብደት የሚበልጥ ግዙፍ ነበር፤ እንደ ጥላ ተለጠፈበት። መልማዩ ብዕሩን አፉ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከእሱ አልነቀለም።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ተጀመረ የአዳራሹ በር ተከፈተ። አቶ ገብረየስ ገቡ። አቶ ገብረየስ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ታኮማ ፓርክ ዕርቅም ሆነ ሽምግልና ያለ እሳቸው የማይሆን፣ ኳስ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ማቲያስ አለ፤ ማቲያስ ዛሬ ተረኛ ነው፤ ማን ተካው? ከማቲያስ ኋላ አክስቱ ወለተሥላሴ። በዚያ ሙቀት ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች።

ዓባይነህ እየሮጠ በዓይኑ ተከተላቸው። አክስቱ ስትቀመጥ የካፖርቷ ጫፍ ተገለጠና ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ታየው።

ተጋጣሚው ቡድን ነጥብ አስቆጠረ። አቶ ገብረየስ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ማቲያስ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

ከዚያ በኋላ የተጫወተውን ጨዋታ ዓባይነህ አያስታውሰውም። እግሩ ይሮጣል፤ ዓይኑ ግን እዚያ ነው። ወደ አክስቱ ባየ ቁጥር ጣሪያ ታያለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በሩቅ አገር ሆቴል ብቻውን ሆኖ እንዲሰማም አይተውም። አውቶብሱ ሳይወስደው ሊይዙት እንደ መጡ ገባው። ማን ነው? አክስቱ ይቺውና። ታዲያ ማን ቀረ? የቀረውን ሰው ስም ግን በልቡ እንኳ ሊጠራው አልደፈረም።

ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ የዓባይነህ ቡድን በአንድ ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ ኳሱ የተጋጣሚው ነው። አሰልጣኙ ታይም አውት ጠይቆ ጨዋታውን አስቆመ። ተጫዋቾቹ ከበቡት፤ ዓባይነህ ግን ወደ ተመልካቹ ሄደ። ዳውሰን ጮኸበት። መልማዩ አንገቱን አዞረ።

«አባባ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ምንም የለ ልጄ» አሉ አቶ ገብረየስ። «እንዲያው ጎበዝ ነው ሲሉህ... አንድ ቀን እንየው ብለን ነው። በል ተመለስ፤ ሰዎችህ እየጠበቁህ ነው።»

«ሰው ሞቷል?»

«ምን ሞት አመጣብን! ቸር ተናገር እንጂ!»

«እንግዲያው ይማሉልኝ» አለ ዓባይነህ። «ኪዳን ይሙት ይበሉኝ።»

አቶ ገብረየስ አፋቸውን ከፈቱ። ከመኪና እስኪወርዱ ድረስ ምን ብለው እንደሚዋሹት ሲመካከሩ ነው የመጡት፤ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ይህ ግን አልታሰበም። አፋቸው እንደ ተከፈተ ቆየ። ከዚያም ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ወለተሥላሴ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ፊሽካው ተነፋ። ዓባይነህ ዞሮ ወደ ሜዳው ገባ። ለምን እንደ ገባ ዛሬም ሲጠየቅ አጥርቶ አይመልስም። ግዙፉ ሰውዬ ኳሱን ተቀብሎ በጀርባው ገፋው፤ ክርኑን ደረቱ ላይ አሳረፈበት። ዓባይነህ ጥርሱን ነከሰ። ሰውዬው ዞሮ ሲዘል እሱም ዘለለ፤ «ና ቀማኝ!» የተባለ ያህል ዘለለ፤ ኳሱን ከላይ በመዳፉ መታው። ኳሱ ወደ ባልደረባው ወደቀ። ጨዋታው አለቀ። አዳራሹ ጮኸ። የእሱ ድምፅ ግን አልተሰማም።

መልማዩ እጁን ዘርግቶ መጣ። «ሻንጣህን አምጣ» አለው። «መኪናዬ ውጭ ነች። ነገ ጠዋት ካምፕ እንጀምራለን።»

«ወንድሜ ሞቷል።»

ሰውዬው ደነገጠ፤ ደግ ሰው ነበር። «የት ነው ቀብሩ?»

ዓባይነህ ወደ አክስቱ ዞረ። ወባ እንደ ገደለው፣ ትናንት እዚያው ካርቱም እንደ ተቀበረ በለቅሶዋ መካከል ነገረችው።

«ተቀብሯል» አለው ለመልማዩ።

«ታዲያ የምትሄድበት ከሌለ... ምን ታደርጋለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

«የት?»

«መሬት ላይ። ቤት። ሦስት ቀን።»

መልማዩ አሰልጣኙን አየ፤ አሰልጣኙ ትከሻውን ሰበቀ። መልማዩም፣ ሦስት ቀን ልጠብቅህ አልችልም፣ ቦታው ነገ መያዝ አለበት፣ ሌላ ሰው ለመጥራት እገደዳለሁ፣ በደንብ አስብበት አለው። አቶ ገብረየስ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። ዓባይነህን በክንዱ ያዙት።

«ሂድ ልጄ» አሉት። «እኛ እንቀመጥለታለን። ወለተሥላሴ አለች። እግዜር አይቀየምህም፤ ኪዳንም ቢሆን ሂድ ነበር የሚልህ።»

«እሱ ሂድ ሲለኝ አንዴ ሄጃለሁ፣ አባባ» አለ ዓባይነህ።

ጫማውን እንኳ ሳይቀይር የማቲያስ መኪና ውስጥ ገባ፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ነው ጩኸቱ የወጣው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ የዋጠው ጩኸት ሳይቀር አብሮ ወጣ ይላል ማቲያስ።

መልማዩ ተመልሶ አልመጣም። ዓባይነህ ለአሌክሳንድሪያው ቡድን እስከሚቀጥለው ዓመት ማብቂያ ተጫወተና ጉልበቱ እምቢ ሲል ተወው። አሁን በዚያው መኪና ማቆሚያ ኃላፊ ነው፤ ዳገቱን ግን አሁንም በእግሩ ነው የሚወጣው። በኪዳን መማልም አቁሟል፤ በማንም አይምልም።

የሚያውቁት ሰዎች አንዳንዴ፣ ያን ቀን ባለመሄድህ አይቆጭህም ወይ ይሉታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እንዴት አይቆጨኝ! ይቆጨኛል እንጂ። ኳሱን ወድጄው ነበር። ግን ዋናው ነገር እሱ አልነበረም። በእኔ ቦታ ኳስ የሚጫወት ሰው በማግስቱ ተገኘ። በእኔ ቦታ ለኪዳን የሚቀመጥ ወንድም ግን ከየት ይመጣ ነበር?»