አፎቻው ነጻ ያላት ከበሮ መቺ

በዚያ ዘመን በጀጎል ግንብ ውስጥ የአመቱላ ከበሮ ያልተሰማበት ሰርግ፣ ሰርግ አይባልም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሴቶቹ አፎቻ ውስጥ፣ ለሰርግም ለለቅሶም በሚሰበሰቡበት ማኅበር፣ ቀርታ አታውቅም። ዘፋኟ ብትደክም እንኳ የእሷ እጅ አይደክምም ይሏት ነበር። ባሏ በሞተ ጊዜ የአፎቻው አርባ ሴቶች ቤቷን ሞልተው ሦስት ቀን አልተነሡም። አፎቻ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም ትል ነበር አመቱላ።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ያ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው መቀመጫ፣ ነደባው፣ በቀይ አፈር መለቅለቅ አለበት። ነደባው ያልተለቀለቀ ቤት ባለቤት የሌለው ቤት ነው። አመቱላ አፈሩን በጥብጣ ባልዲውን ብድግ ስታደርግ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። አልወደቀችም፤ ማንም አልነካትም። ባልዲውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና እዚያው ቁጭ አለች።

በማግስቱ ሆስፒታል፣ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ተመለከተ። "እናቴ፣ አጥንትዎ ሳስቷል። ይሄኛው ስብራት የአሁኑ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ቀደም ብለው የተሰበሩ ናቸው።"

"መቼ?"

"እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።"

ሁለት ክረምት "ብርድ ነው" እያለች ጀርባዋን በቅቤ ስታሳሽ መክረሟ ትዝ አላት። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላት፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንድትሞቅና እንድትራመድም አዘዛት። "ብቻዎን ግን አይሁን። ከወደቁ ዳሌዎ ነው የሚሰበረው፤ ሰው ይደግፍዎ።" ልጇ ሳዑዲ ነው። የሰፈሩ መንገድ ደግሞ ዳገቱም ድንጋዩም አያስኬድም።

ከዒድ በኋላ ራውዳ መጣች። ራውዳ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ የአፎቻውም ሰብሳቢ ናት። አመቱላ ወደ ላይኛው ነደባ መውጣት ስላቃታት፣ በሩ ሥር፣ ልጆች በሚቀመጡበት ዝቅተኛ ነደባ ላይ ነበረች።

"ወደ ላይ ውጪ እንጂ" አለቻት አመቱላ።

"አንቺ እዚህ ሆነሽ እኔ ላይ ልንጠለጠል? ምን ቆርጦኝ።" ራውዳ ከእግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። "ደስ የሚል ወሬ ይዤልሽ መጣሁ። ትናንት ሴቶቹ ተነጋግረን ነጻ አልንሽ። ከእንግዲህ ወጥ መሥራት የለ፣ ከበሮ የለ፤ ብትቀሪም ቅጣት የለብሽም። ዕረፊ።"

"ከበሮውን ማን ያዘው?"

"ሚስራ።"

"እሷ እኮ ስትመታ ዱቄት የምትነፋ ነው የምትመስለው።"

ራውዳ ሳቀች። አመቱላ አልሳቀችም።

"ራውዳ፣ ነጻ አትበሉኝ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ደግፋችሁ ውሰዱኝ። ጥግ ይዤ አጨበጭባለሁ።"

"አፎቻ እኮ ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ለወገብ ሕመም ተራ ይውጣ ብዬ በምን አፌ ልናገር?"

"ስሞት ግን አርባችሁም ትመጣላችሁ።"

"ኧረ ክፉ አትናገሪ።" ራውዳ ይህን ብላ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዘወር አለች፤ "ለጎረቤትሽ ለነስሪያ ልጅ ሰርግ እኔው ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ" ብላ ማለችላት።

የሰርጉ ዕለት አመቱላ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር ጀምራ ለበሰች። ክንዷ ወደ ላይ አልነሣ ብሏት ቀሚሱን ማጥለቁ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀባት። የሐር ሻርፗን ጣል አድርጋ በሩ ሥር ተቀመጠች። የአፎቻው ሴቶች እየተሳሳቁ አለፉ። አንዷ፣ "ቀስ በሉ፣ አመቱላ ትረፍ" ስትል ሰማቻት። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ቤት አልፎ ከበሮው ተነሣ። ሚስራ አጣደፈችው። የአመቱላ ጣቶች ጉልበቷ ላይ ሆነው ሊያዘገዩት ሞከሩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ራውዳ ምግብ በሳህን ይዛ ገባች። ያንን ቀሚስ ስታይ ደንግጣ ቆመች።

"ውይ እህቴ፣ ረሳሁሽ። ድስቱ፣ እንግዳው..."

"ነጻ ብላችሁኝ የለ? ነጻ የተባለ ሰው ይረሳል። ይልቅ አውልቂልኝ፤ እኔ አልችልም።"

ራውዳ ሳህኑን አስቀምጣ ከኋላዋ ዞረች። ቀሚሱን ስታወልቅላት እጇ ጎብጦ የወጣውን አጥንት ነካ። ከዚህች ሴት ጋር ስልሳ ዓመት አብራ ኖራለች፤ ይህን ጀርባ ግን አላየችውም ነበር። እጇን ሳታነሣ ብዙ ቆየች።

"ነገ ጠዋት መጥቼ ፀሐይ አወጣሻለሁ" አለች በመጨረሻ።

"ነገ የወንዱ ቤት ሰርግ አይደለም እንዴ?"

እውነት ነበር፤ ሰብሳቢዋ ከጠዋት ጀምራ እዚያ መገኘት ነበረባት። ራውዳ ቀሚሱን አጣጥፋ ነደባው ላይ አኖረችው።